ከኖራ ወደ ፕሮቶኮል? አንዲት የቅርስ ባለሙያ ጠይቃ ሰው ሁሉ የተከራከረበት ክር

ይህን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተችው ጎንደር ውስጥ በቅርስ ጥገና ለዓመታት የሠራች ሴት ናት። መጀመሪያ ግንብ ላይ ነበረች፤ ድንጋይና ኖራ። በኋላ ገጠር እየወረደች የአብያተ ክርስቲያናትን ብራናና ንዋያተ ቅድሳት ስትመዘግብ ቆየች። አሁን ማስተርስ መማር ፈልጋለች። የጥገና ሳይንስ ግን አይደለም፤ የባህል ፖሊሲና ዲፕሎማሲ ነው። የእጅ ሙያዋን ትታ ወረቀት ወደሚገፋበት ዓለም መግባቷ ያዋጣታል ወይስ ጊዜዋን ነው የምታባክነው? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ምክንያቷን ባትጽፍ ኖሮ ክሩ አራት አምስት መልካም ምኞት ለቅሞ ይሞት ነበር። ደግነቱ ጻፈች። ከአንድ የውጭ ለጋሽ ጋር የጥገና ስምምነት ሲፈረም እሷና ባልደረቦቿም ተጠርተው ነበር። የተቀመጡት ከኋላ፣ ከታሸገው ውሃ ካርቶን አጠገብ ነው። ጠረጴዛውን የከበቡት ሱፍ ለባሾች ናቸው። ፕሮጀክተሩ ላይ መርሐ ግብሩ ሲታይ የግድግዳው ልስን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተመድቧል። ጎንደር፣ በክረምት፣ የኖራ ልስን! ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚይዘው። ሳይይዝ ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይወርዳል። እጇን ስታወጣ የቴክኒክ ጉዳይ በኋላ ይታያል ተባለች። ከዚያ ተፈረመ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሡ። እሷም ያን ቀን ከፊት ወንበር የሚያስቀምጠው ትምህርት የቱ እንደሆነ ማሰብ ጀመረች።

የመጀመሪያው ምላሽ፣ ቁጥር 1፣ እንደ ወጉ ነው። እንኳን ደስ ያለሽ፣ በርቺ፣ ዕድል ሲመጣ ዓይንሽን አትሺ። ምን ዕድል እንደመጣ ግን አልጠየቀም።

ቁጥር 2 በቅርስ ሥራ አርጅተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉት። እሳቸው የተጨነቁት ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለሚቀረው ባዶ ቦታ ነው። ኖራ አጥፍቶ ውሃ ውስጥ ማክረም፣ መቼ እንደደረሰ በጣት አሽቶ ማወቅ ከመጽሐፍ አይገኝም ይላሉ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የፋሲል ግቢ ግንቦች ሲታደሱ የገባውን ሲሚንቶም አነሡ። ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ ያፍነዋል፤ መውጫ ያጣው እርጥበት በድንጋዩ በኩል ይወጣና ፊቱን እየላጠ ያረግፈዋል። ያንን ሲሚንቶ ድንጋዩን ሳይጎዱ ፈልፍሎ በኖራ መተካት ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ተሰብስቦ ቢቆጠር ስንት ነው? እሷ ስትሄድ ማንን አስተምራ ነው የምትሄደው? ትምህርቱን አልተቃወሙም። ጥያቄው ግን ከባድ ነበርና ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረው ቁጥር 3 ነው፤ ሰበረው ከማለት ደረመሰው ማለት ይቀላል። የባህል ዲፕሎማሲ የሚባለው ነገር፣ በሱ አነጋገር፣ ኤምባሲ ግቢ ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ሀበሻ ቀሚስ አስለብሶ ለአምባሳደሮች ቡና ማፍላት ነው። ለዚያ ማስተርስ አያስፈልግም፤ እናቱ ያለ ዲፕሎማ ሲያፈሉ ኖረዋል። ሁለት ዓመት ተምራ የምትመለሰው ስለ ለስላሳ ኃይል (በጉልበት ሳይሆን በባህል ተጽዕኖ ማሳደር) የሚያወራ ወረቀት ይዛ ነው፤ ግንቡ ግን እዚያው መፍረሱን ይቀጥላል። (ማን እንደሆነ እጠረጥራለሁ፣ ዝም ልበል።) አነጋገሩ ጎርበጥ ቢልም የሳቀለት ሰው ብዙ ነበር።

ቁጥር 4 ተቆጣች። ኤምባሲ ውስጥ ሠርታለች። ቡናው ራሱ ቀላል ነገር አይደለም አለች፤ ስብሰባ ላይ ፊቱን የማይፈታ ሰው ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲፈታ አይታለች። ዋናው መልሷ ግን የአክሱም ሐውልት ነው። ሐውልቱን ሮም ድረስ ሄዶ ያስመለሰው ግንበኛ ሳይሆን ዲፕሎማት ነው ብላ ዘጋችው።

እኔ ክሩን እዚህ ላይ ነው ተጠግቼ ማንበብ የጀመርኩት፤ ምክንያቱም ቁጥር 5 ገባ። ለሁለቱም አላዳላም። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. ተወሰደ። ጣሊያን ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 የፈረመችው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳታል። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። ዲፕሎማሲ ማለት ወረቀቱን ማስፈረም ብቻ ከሆነ ወረቀቱ ከ1947 ጀምሮ ነበረ፤ ድንጋዩ ግን ሮም ላይ ቆሞ እ.ኤ.አ. በ2002 መብረቅ እስኪመታው ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ሦስት ቦታ ተቆርጦ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሲገባ ደግሞ ሌላ ሥራ ተጀመረ። ሊተከል የታሰበበት መሬት ሲፈተሽ ከሥሩ የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታወቀ። ጎን ያለው ዘመም ያለ ሐውልት በቁፋሮው እንዳይወድቅ ተደግፎ መያዝ ነበረበት። እስኪቆም 2000 ዓ.ም. መጨረሻ ደረሰ። እና ቁጥር 5 የሚጠይቀው፣ መቃብሩን ያገኘው ባለሙያ የመጀመሪያው ድርድር ላይ ተቀምጦ ቢሆንስ? የሚል ነው። ጠያቂዋ ዲፕሎማት ሆና ሙያዋን አትቀይርም፤ ሙያዋን ይዛ ጠረጴዛው ድረስ ትመጣለች እንጂ። ይህን የጻፈ ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ግን በዚህ ክር ውስጥ ጥያቄውን በትክክል ያነበበ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መቅደላ ገባ። ቅርስ ሲነሣ መቅደላ ሳይነሣ አይቀርምና። ቁጥር 6 ስሜቱ ሞቅ ብሎ የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት (ቅርስ በሕገ ወጥ መንገድ ከሀገር እንዳይወጣና እንዳይሸጥ የሚከለክለው) እያለ ለንደን ያለው ሁሉ በሕግ የእኛ ነው፣ ፍርድ ቤት መክሰስ ብቻ ነው የቀረው አለ።

ቁጥር 7 የሕግ ተማሪ ናት፤ በትሕትና ጀምራ በቀዝቃዛ ውሃ ጨረሰችው። የ1970ው ስምምነት ወደኋላ አይሠራም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ነው የተዘረፈው፤ ስምምነቱ ላይ ስለሱ የሚይዝ አንቀጽ የለም። የብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ የራሱ አዋጅ አለው፤ ከጥቂት ሁኔታ በቀር ያለውን ንብረት እንዳይሰጥ ይከለክለዋል። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምንም የሚያስረው ሌላ ሕግ አለ፤ ስለዚህ ነው ኃላፊው እ.ኤ.አ. በ2018 የረጅም ጊዜ ውሰት እናድርግ ያሉት። የንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስን ጸጉር የመለሰው የእንግሊዝ ጦር ሙዚየም ነው፤ የሰው አካል በመሆኑ ጉዳዩ በሌላ በር ገባ። የዌስትሚኒስተር ገዳም በ2024 ታቦቱን ለመመለስ በመርህ ደረጃ ሲወስን ደግሞ የሙዚየሞቹ ሕግ አይመለከተውም ነበር። የተወሰደብንን ቅርስ ሁሉ በአንድ ክስ ለማስመለስ የሚያስብ ሰው የትኛውን በር የትኛው ቁልፍ እንደሚከፍተው አያውቅም ማለት ነው። ይህንን ነው የምትማሪው ብላ ወደ ጠያቂዋ ዞረች። የባህል ፖሊሲ ትምህርት ምን እንደሆነ ከዚህ የተሻለ የገለጸልኝ ሰው የለም።

ቁጥር 8 ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ቁጥር 6 የጻፈው 1970 በእኛ ነው በፈረንጅ? በእኛ ከሆነ ስምምነቱ ሳይሆን ላሊበላ ነው አለ፤ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች በዓለም ቅርስ መዝገብ የገቡት በጳጉሜ 1970 ዓ.ም. ነውና። የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሲመዘገቡ ሁለቱ የእኛ ነበሩ። ከዚያ ስለ ዘመን አቆጣጠር አራት ምላሽ ነጎደ። አንዱ ሁሉም ሰው ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ካልጻፈ ይሰረዝ አለ። ሌላው በአቆጣጠራችን ማፈር ያለብን ይመስል እ.ኤ.አ. የሚባለው ነገር ራሱ ይቅር አለ። እዘለዋለሁ።

ቁጥር 13 ቄስ ናቸው፤ ክሩን መልሰው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ታቦት የሚለውን ቃል ስታነሡ ጫማችሁን አውልቁ ዓይነት አጻጻፍ ነው የጻፉት። ለንደን ያሉትን ታቦታት ሙዚየሙ ራሱ ለእይታ አያወጣቸውም፤ የሚገቡባቸው ካህናት ብቻ ናቸው። ይህን ያህል እነሱም ተረድተዋል። ችግሩ እኛው ዘንድ ነው አሉ። ካሜራ አንግበው መጥተው ዕቃ ቤቱን ክፈቱ፣ መንበሩን አሳዩን የሚሉ መዝጋቢዎች ገጥመዋቸዋል፤ ካልፈቀዱም ሌባ የሚያስገቡ ይመስል በክፉ ዓይን ያዩዋቸዋል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሳያውቁ ስለ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ሊደራደሩ? አይሆንም። እህቴም ከዚያ ወገን ከሆንሽ ብትቀሪ ይሻላል ብለው ጨረሱ።

ጠያቂዋ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ቁጥር 14 የራሷ ነው፤ ክሩ ውስጥ እኔ የምሰቅለው ምላሽ ካለ ይህ ነው። አባ ብላ ጀመረች፤ አልተከራከረችም። እንዴት እንደምትመዘግብ ብቻ ነው የነገረቻቸው። ዕቃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ ቄሰ ገበዙ ዘንድ፣ ሌላው አንድ የደብሩ ሽማግሌ ዘንድ። ሁለቱም ካልቆሙ አይከፈትም። እሷ አትገባም። ደጀ ሰላሙ ላይ ነጠላ ይነጠፋል፤ መጻሕፍቱ አንድ በአንድ ወደዚያ ይወጣሉ። ማኅደሩን የሚያወልቁት ካህኑ ናቸው። እሷ ቅጠሉን ትቆጥራለች፣ በሜትር ትለካለች። የትኛው ቅጠል እንደተቆረጠ ከስፌቱ የቀረውን ጉማጅ አይታ ትጽፋለች። የገበታው (የእንጨት ሽፋኑ) ስንጥቅ በሽቦ ተሰፍቶ ከሆነ ስፌቱን ትስላለች፤ ከፎቶ ይልቅ መጽሐፉን የሚለየው ስንጥቁ ነው። የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠል ፎቶ ይነሣል፤ የተሰረቀ መጽሐፍ ገበያ ሲወጣ የባለቤቱ ደብር ስም ተፍቆ ነውና የሚመጣው። ታቦት አይነሣም፣ አይለካም፣ አይጻፍም። የመመዝገቢያ ካርዱ ላይ ለሱ ቦታ የለውም።

ከዚያ ወደ ነገሩ ገባች። ውጭ ሀገር አንድ ብራና ጨረታ ላይ ቢወጣ የእኛ ሰው ምን ይዞ ነው የሚከራከረው? ይህ የእኛ ነው ማለት አይበቃም። ካርዱን ነው የሚጠይቁት። ካርድ የሌለው ቅርስ እንደጠፋ እንኳ አይቆጠርም፤ መኖሩ አልታወቀማ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ይህንን ስለማያውቁ ለምዝገባ በጀት አይጠይቁም። እሷ ልትማር የፈለገችው ይህንን የምታስረዳበትን ቋንቋ ነው።

አባ ረጅም ነገር አልጻፉም። ሂጂ፣ ከዚያ ተመለሺ ነው ያሉት። ቁጥር 3 እንኳ የልብ ምልክት ሰጥቷት አለፈ።

ቁጥር 16 ከዋሽንግተን ነው፤ በሷ ምላሽ ላይ ጨመረበት። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥትና ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕል ጠይቀዋል። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ የለም ተባለ። ሥዕሉን ግን ዘመቻው ላይ የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ ይዞት ነበር። ስለዚህ የባህል ዲፕሎማሲን ከፈረንጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ብቻ አታያይዙት አለ፤ የምትጠይቀውን ነገር በስሙ ጠርተህ ስትጠይቅ ምን እንደምታገኝ አፄ ዮሐንስ ያውቁ ነበር። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀልም በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ሲገኝ የተመለሰው ስለታወቀ ነው፤ ፎቶው ያልተነሣ መስቀል ቢሆን ማን ያውቀው ነበር?

ከዚህ ጀምሮ ክሩ ተበታተነ፤ ግን ጥሩ መበታተን ነው። አንዱ የጤፍን ነገር አመጣ፤ በኔዘርላንድስ አንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣው የባለቤትነት መብት በሔግ ፍርድ ቤት ዋጋ እንዳጣ ጠቅሶ ያንን ማን አየው አለ። ሌላዋ የይርጋጨፌ፣ የሲዳሞና የሐረር ቡና ስሞችን ጉዳይ፣ ከስታርባክስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 የተደረሰውን ስምምነት አስታወሰች። ባህል ማለት ድንጋይና ብራና ብቻ አይደለም፤ የሚበላውም ይደራደሩበታል። ቁጥር 3 ተመልሶ መጣና ስለ ቡና የተናገረውን ለመከላከል ሞከረ፤ አልተሳካለትም።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ሁሌም ሰው የሚበዛበት ክፍል ነው። ጠያቂዋ ያሰበችው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ሲዬና፣ ጣሊያን፤ የሕዝብና የባህል ዲፕሎማሲ ማስተርስ በእንግሊዝኛ ይሰጣል። ሌላው ኮትቡስ፣ ጀርመን፤ የዓለም ቅርስ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ። ለጀርመኑ የትምህርት ክፍያ የለም፤ ግን ለቪዛ ዝግ ሂሳብ (ገንዘቡ በየወሩ ብቻ የሚወጣበት) ውስጥ በዓመት 11,904 ዩሮ ማሳየት አለባት። ይህ ቁጥር ሲጻፍ ለትንሽ ጊዜ ማንም አልቀለደም። ጣሊያን ክልሉ ገቢን አይቶ የሚሰጠው የትምህርት ድጋፍ አለ፤ ሰነዱን አስተርጉሞ ማስመስከር ግን ራሱ ሥራ ነው ብሎ ሮም የሚኖር ሰው አስጠነቀቀ። ቼቭኒንግን፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ያነሣች ሴት 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ እንደሚጠይቅና ከትምህርት በኋላ ሁለት ዓመት ሀገር ቤት መቆየት ግዴታ እንደሆነ ጻፈች።

ይቺ ግዴታ የምትለው ቃል ነው እሳት የጫረችው። ቁጥር 24 የሄደ ሁሉ አይመለስም አለ። በሕዝብ ገንዘብ ተምረው ጠፉ ያላቸውን ሰዎች መዘርዘር ሲጀምር ስም ሊጠራ ደርሶ ነበር። ቁጥር 25 ውጭ የቀረች ናት፤ በሷ ላይ የተነጣጠረ መሰላትና ለምን እንዳልተመለሰች ተናገረች። ተመልሳ ነበር። የሠራችበት መሥሪያ ቤት ዲግሪዋን አይቶ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጋት። ያ ቁጣ የእውነት ነው፤ ማንም አልመለሰላትም። ቁጥር 26 ስድብ ጻፈ፤ የክሩ አስተናጋጅ አነሣው፤ ርዕሱ ቅርስ መሆኑንም አስታወሰ።

አስተናጋጁ በዚያ አላቆመም፤ የራሱንም ጨመረ። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተጋረዱትን መጠለያዎች ጠቅሶ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ለጊዜው ተብለው በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተተከሉ፣ የከተማው ሰው በ2011 ዓ.ም. ይነሡ ብሎ ሰልፍ ወጣ፣ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው አዩ፣ ድጋፍ ቃል ገቡ አለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ለጊዜው የሚሆነው ማን ውሉ ላይ ቀን ሲያስጽፍ ነው? ሠራተኛው? ካህኑ? ዲፕሎማቱ? ለጠያቂዋ ያለው መልስ ይኸው ነበር፤ ሂጂ፣ ግን የማስረከቢያ ቀን የሌለው ውል እንዳትፈርሚ።

ቁጥር 2፣ አባታችን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱ። ማንን አስተምረሽ ነው የምትሄጂው የሚለውን ደገሙት። እሷም ሁለት ወጣት ግንበኞች ከጎኗ እንዳሉ፣ ኖራውን አሁን እነሱ እንደሚያጠፉ ጻፈች። እጃቸውን አሳይተሽ ፎቶ ላኪልኝ አሉ። ላከች ይሁን አይሁን አልታየም፤ በግል ልካ ይሆናል።

የመጨረሻዎቹ ምላሾች ስለ ዋስ ናቸው። ደመወዝ እየተከፈላት ልትሄድ ከሆነ መሥሪያ ቤቷ የትምህርት ውል ያስፈርማታል፤ ዋስ ጥሪ ይባላል። ዋሱ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን አለበት ወይስ የንግድ ፈቃድ ያለው ይበቃል? አንዱ በኔ ጊዜ ደመወዙ ከእኔ የማያንስ ሰው ነው የጠየቁኝ አለ፤ ሌላዋ እንደ መሥሪያ ቤቱ ነው አለች። ጠያቂዋ ወንድሟ ነጋዴ እንደሆነ ጽፋ፣ ሰኞ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቃ ውጤቱን እዚሁ እንደምትለጥፍ ነገረቻቸው።